ዘጠና አንደኛ

መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይጠርጋል። ጠረጴዛው አሮጌ ብርድ ልብስ የለበሰ ነው፤ በላዩ የቀረች አንዲት ፍንጣሪ ሙሉውን መስታወት ልትጭር ስለምትችል፣ በመዳፉ ሳይሆን በብሩሽ፣ ከራሱ ወደ ውጭ ነው የሚጠርገው። ቀጥሎ መስታወቱን ከመደርደሪያው በሁለት እጁ ያወጣል፤ አንዱ እጅ ከሥር፣ አንዱ ከጎን። ያጋድመዋል። ሜትሩን ዘርግቶ ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ ምልክት በቀጭን ማርከር ያደርጋል። ረጅሙን የአሉሚኒየም ማስመሪያ ግን ምልክቱ ላይ አያሳርፈውም። ሁለት ሚሊ ተኩል ፈቀቅ ያደርገዋል፤ የመቁረጫዋ ትንሽዬ ጎማ የምትሽከረከረው ከማስመሪያው ጎን ያን ያህል ርቃ ነውና። ጎማዋን ነጭ ጋዝ የጠጣ ስፖንጅ ላይ ነካ ያደርጋታል። ከዚያ ትንፋሹን ይይዝና ከሩቁ ጠርዝ ወደ ሆዱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይስባል። ጭርርር ማለት አለበት። ካላለ አልተጫረም። ካልተጫረ ደግሞ በዚያው መስመር መድገም የለም፤ ሁለቴ የተጫረ መስታወት የሚሰነጠቀው ራሱ በፈለገው በኩል ነው። መጨረሻ ላይ መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ በሁለት አውራ ጣቱ ጫን ይላል። ቀጭ። ሁለት ሆነ።

አውራ ጣቶቹ ላይ አራት ጠባሳ አለ፤ አራቱም የሥራው የመጀመሪያ ዓመት ናቸው።

ይህ ሰው በሰፈሩ ሚሊ ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሰው መጥቶ “ጋሽ ሚሊ፣ መስኮቴ ስድሳ በአርባ አካባቢ ነው” ሲለው፣ “አካባቢ የሚባል መስታወት አልሸጥም” ይልና ሜትሩን ይዞ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ሚስቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። እሷ ደግሞ “አካባቢ ባይኖር እኔ ፌርማታ ላይ ቆሜም አላውቅ ነበር” ትላለች። እንዲህ ተባብለው አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሚጢ ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል ናት። ስድስት መስኮት ስንት ካሬ መስታወት እንደሚበላ አባቷ ካልኩሌተሩን ከኪሱ ሳያወጣ ትነግረዋለች። በትምህርት ቤቷ ፈጣን ቡድን የሚሉት የሒሳብ ክፍል አለ። ወንበሩ አሥራ አምስት ነው፤ የከተማው ቴክኒክ ትምህርት ቤት በኋላ ልጅ የሚወስደው ከእነዚህ ከአሥራ አምስቱ ብቻ ነው። ሚጢ አንዱ ወንበር ላይ ነበረች። የዚህ ታሪክ ጭቅጭቅ ሁሉ ያቺ አንድ ወንበር ናት።

በዓመቱ መጀመሪያ በሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ቀን የሚሰጠው ፈተና ተሰጠ። ወላጆች ተጠርተው ወረቀት ታደላቸው። ሚሊ ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈና የሥራ ሽርጡ ኪስ ከተተው፤ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከሒሳብ ጎን ሁለት ነገር ተጽፏል፤ “ነጥብ 214” እና “ደረጃ በመቶኛ 91ኛ”።

“ሁለት መቶ አሥራ አራት ከስንት እንደሆነ አይልም” አለ መነጽሩን እያጠለቀ። “ይሄኛው ግን ግልጽ ነው። ዘጠና አንደኛ።”

ሹፌሯ ሥራ ጨርሳ መግባቷ ነው፤ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። “ከመቶ ዘጠና አንድ? ጎሽ የኔ ልጅ!”

“ከመቶ የሚለውን የት አየሽ?”

“ይኸው፣ በመቶኛ ይላል።”

“ኛዋንስ የት ጣልሻት? ዘጠና አንድ አይልም፣ ዘጠና አንደኛ ነው የሚለው። ፊት ለፊቱ ደግሞ ደረጃ ተብሎ ተጽፏል። አንቺ ተማሪ ሳለሽ ስንተኛ ወጣሽ ሲሉሽ፣ ሰባ ማርክ አገኘሁ ትዪ ነበር?”

“እኔ ስንተኛ እንደወጣሁ እዚህ ባይነሳ ይሻላል።” ወረቀቱን ነጠቀችው። “ቆይ እስቲ። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ሠላሳ አራት ልጆች ናቸው። እንዴት ዘጠና አንደኛ ትወጣለች? ከወንበሩና ከግድግዳው ጋር ተወዳድራ ነው?”

ሚሊ ማርከሩን አነሳና በተረፈ የመስታወት ቁራጭ ላይ ጻፈ። አምስተኛ ክፍል ሦስት ምድብ አለው። ሠላሳ አራት በሦስት፣ መቶ ሁለት። ከመቶ ሁለት ልጅ ዘጠና አንደኛ።

ሒሳቡ ገጠመ። መጥፎው ነገር ይኸው ነው። ያልገጠመ ስህተት ሰውን ያጠራጥራል፤ የገጠመን ስህተት ግን ማን ያቆመዋል? ሹፌሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችና ቀስ ብላ ጃኬቷን አወለቀች።

ሚጢ ከበሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። “አባዬ፣ መምህራችን እኮ ጥሩ ነው ብላለች።”

“ለማን?”

“ለሁላችንም።”

“አየሽ? ለሁሉም ጥሩ ነው የምትል አስተማሪ እንዳይከፋችሁ ብላ ነው። አሥራ አንዱን ብቻ ከኋላሽ አስቀምጠሽ ጥሩ ነው ትይኛለሽ?”

“ግን እኮ—”

“ግን የለም!”

በዚያው ቀን የኳስ ጫማዋ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ እጇ የማይደርስበት ቦታ ተሰቀለ። ሚጢ የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ተከላካይ ናት፤ ተከላካይ ያለ ጫማ አይሆንም። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ፣ የመስታወት ማጣበቂያ ካርቶኖቹ አጠገብ፣ የሒሳብ መልመጃ ይዛ መቀመጥ ሆነ። ሚሊ መስታወት እየቆረጠ በመሃል በመሃል ቀና ይልና፣ “በሚቀጥለው ከአርባ በታች ገብተሽ ልይ” ይላታል። “ከአርባ በታች! ያኔ ጫማሽን ትወስጃለሽ።”

እሷም “እሺ አባዬ” ትላለች።

አምስት ወር አለፈ። ሁለተኛው ወረቀት መጣ። ሚሊ ይሄኛውን አላጠፈውም፤ እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሞ አነበበው። 38ኛ።

ሱቁ ሲደርስ ጎረቤቱ አናጺ ከመጋዙ ቀና ብሎ አየው። “ጋሽ ሚሊ፣ ምን ተገኘ? ጥርስህን ካየሁት ዓመት ሞላኝ እኮ።”

“ልጄ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ሦስት ልጅ ዘላ አለፈች!”

“በምን፣ በሩጫ?”

“በሒሳብ ነው እንጂ!”

ጫማው ወረደ። በላዩም ሚሊ ለራሱ ቤት ሠርቶ የማያውቀውን ሠራ። ከወፍራም መስታወት መዳፍ የሚያህል የእጅ መስታወት በክብ ቆርጦ፣ ጠርዙን በውሃ ድንጋይ ሞርዶ አለስልሶ ሰጣት። እናቷ አቅፋ ሳመቻት። ሚጢ ጫማዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርስ አላለፈም። የድካም ነው ብለው ተዉት።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። “ልጅዎ ባስመዘገበችው ውጤት መሠረት ከፈጣን ቡድን ወደ ድጋፍ ክፍል የተዛወረች መሆኑን እንገልጻለን።”

ሚሊ ሽርጡን እንኳ አልፈታም። ሁለቱንም ወረቀት ይዞ፣ ሱቁን ለአናጺው አደራ ብሎ፣ በእግሩ ወጣ። መንገድ ላይ ለብቻው ይናገር ነበር። ዘጠና አንደኛ ስትወጣ በፈጣን ቡድን ውስጥ ያስቀመጧትን ልጅ፣ ሠላሳ ስምንተኛ ስትወጣ ያባርሯታል! ይሄ ደግሞ የየት አገር ሚዛን ነው?

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቱን አየችና ገልብጣ መለሰችለት። “ማብራሪያው ከጀርባው ላይ አለ።”

ሚሊ በር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ። “ደረጃ በመቶኛ ማለት የተፈታኙ ውጤት በማጣቀሻ ቡድኑ ሥርጭት ውስጥ የሚገኝበትን አንጻራዊ ስፍራ የሚያመለክት እሴት ነው።” ቀና አለ። “እህቴ፣ ይሄን አንብበሽው ታውቂያለሽ?”

“እኛ እናድላለን እንጂ አናነብም።”

“የገባው ሰውስ አለ?”

“እስካሁን የጠየቀ የለም” አለችው።

ወደ ሒሳብ መምህርቷ መራችው። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ በጠመኔ ነጥተዋል። የሚቀመጥበት ስታጣ የተማሪ ወንበር ሰጠችው፤ ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጣ። እዚያው ሆኖ ያሰበውን ሁሉ አወረደባት። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

“እርስዎ ደረጃውን ከየት በኩል ነው የሚቆጥሩት?” አለችው።

“ከየት እቆጥራለሁ? ከአንደኛ ነዋ።”

“የክፍል ደረጃ እንደሱ ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። በየትምህርት ቤቱ ከተፈተኑት መቶ ልጆች በውጤታቸው ተሰልፈዋል ይበሉ። ከመጨረሻው ልጅ ይጀምሩና ወደ ላይ ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ፈተና ሚጢ ዘጠና አንዱን በልጣ ነው የቆመችው።”

“ከታች?”

“ከታች።”

“እና ሠላሳ ስምንት ማለት…”

“ሠላሳ ስምንቱን ብቻ በለጠች ማለት ነው።”

ሚሊ ከትንሹ ወንበር ተነሳ። “አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ ጫማዋን የሰቀልኩት ለዘጠና አንድ ነው?”

መምህርቷ መሳቢያዋን ከፈተችና አንድ ወረቀት አወጣች። “እኔንም ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። የመልስ ወረቀቷ ቅጂ ነው። የከበደው ልጅ ባዶ የሚተወው መጨረሻ መጨረሻውን ነው፤ ሰዓት ያልቅበታል። ይቺን ይዩዋት። ሦስተኛው ባዶ ነው። ስድስተኛው ባዶ። ዘጠነኛው ባዶ። እስከ መጨረሻው እንደዚሁ። የሞላችው ሁሉ ደግሞ ትክክል ነው።”

ሚሊ በጣቱ ተከተለው። ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። እንዲህ እኩል የተቆጠረ ክፍተት ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል። ይህ የተለካ ሥራ ነው።

ልጅቷን ከክፍል አስጠርቶ ይዟት ወጣ። ከአጥሩ ውጭ አግዳሚ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“ሚጢ።”

“አቤት አባዬ።”

“ሦስተኛውን ጥያቄ ለምን ተውሽው? አቅቶሽ ነው?”

መሬት መሬት ማየት ጀመረች። “አንተ አይደለህ ከአርባ በታች ግቢ ያልከኝ?”

“እና?”

“መምህሯ ዘጠና አንድ ጥሩ ነው እንዳለች ነገርኩህ፣ አልሰማኸኝም። ለእማዬም ልነግራት ነበር፤ እሷም አንተ ያልከውን ተቀበለች። ከዚያ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የምትወደው ብዬ አነስኩልህ።” አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “ጫማዬን ፈልጌ ነበር።”

“ስንት ብትተዪ ስንት እንደሚመጣ በምን አወቅሽ?”

“አላወቅኩም፣ ገመትኩ። ከሦስት አንዱን ብተው አርባ አካባቢ ይመጣል ብዬ ነው።”

አካባቢ። በሁለት ነው የሳተችው። ሚሊ መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባው አላወቀም። “አጥፍቻለሁ” አለ በመጨረሻ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺ አይደለም።”

ሚጢ ትንሽ አሰበችበት። “ጫማዬን ግን መልሰህ አትወስድብኝም አይደል?”

በማግስቱ ሹፌሯ ፈረቃዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ባልና ሚስት አብረው ወደ ርዕሰ መምህሩ ገቡ። የመልስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት፤ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ እያሉ አስቆጠሩት። መምህርቷም ልጅቷ የቡድኑ ምርጥ እንደሆነች ጽፋ ፈርማ ሰጥታቸዋለች። ሰውየው ሁሉንም በትሕትና አዳመጠና፣ ደንቡ ወረቀት ነው የሚያየው አለ። ሰባ አምስትና ከዚያ በላይ የሆነ ይገባል፤ በታች የሆነ ይወጣል። ሆን ብላ ነው የሚለውን ማንም ወላጅ ሊለው ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ ሦስተኛ ፈተና አለ፣ ይጠብቁ።

“እኔ እንኳ በሩን ዘግቼ ከተነሳሁ በኋላ ሰው ሲሮጥ ካየሁ እከፍታለሁ” አለችው ሹፌሯ።

“እኛ ጋ በር የለም፣ እመቤት። ደንብ ነው ያለው።”

ወንበሩ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ሚጢ ድጋፍ ክፍል ገባች። እዚያ የሚሠራውን በሩብ ሰዓት ጨርሳ የቀረውን ሰዓት ለጎኗ ልጅ ታስረዳለች። በሦስተኛው ፈተና ዋዜማ ጠዋት ሱቁ መጥታ፣ “አባዬ፣ አሁን ስንት ላምጣ?” አለችው።

“የምትችዪውን።”

“የምችለው ስንት ነው?”

ይህን የሚመልስበት ሜትር የለውም። “ሁሉንም ሙዪ” አላት፣ ሌላ ምን ይበል።

ሞላች። ሁሉንም። ብዕሯን ሦስቴ እንደቀየረች፣ የሠራችውን እየሰረዘች እንደደገመች በኋላ ተናገረች። ወረቀቱ ሲመጣ ባልና ሚስት አሁን ከየት በኩል እንደሚቆጠር ያውቃሉ፤ ጎን ለጎን ቆመው ከፈቱት። 74ኛ።

ሹፌሯ በጣቷ መስመሩን ደግማ ተከተለች። “ሰባ አራት? በአንድ?”

“በአንድ።”

“ዘጠና አንድ፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሰባ አራት። የቷ ናት የኔ ልጅ?”

መምህርቷ ተናድዳ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ረጋ ያለ ነው። ልጅቷ ፈርታ ነው የተፈተነችው አለቻቸው። ደግሞም ያቺው ልጅ ያንኑ ፈተና በሌላ ቀን ብትፈተን ከስድሳ ሰባት እስከ ሰማንያ አንድ የትም ልታርፍ ትችላለች፤ ወረቀቱ ራሱ ከግርጌው በደቃቅ ጽሑፍ “የልኬት ስህተት” ብሎ አምኗል። ሚሊ መነጽሩን አጥልቆ አየው። አለ። ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ።

ሚሊን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ሌላው ሌላው የራሱ ጥፋት ነው፣ ይውጠዋል። ይሄኛው ግን አልዋጥ አለው። አንድ መስኮት ሲለካ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ሦስቴ ይለካል፤ ሦስቱ እኩል መጥተው አያውቁም። ከላይ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት፣ ከመሃል ስድስት መቶ አንድ፣ ከታች ስድስት መቶ ሦስት። መስኮቱ ዋሽቷል አይልም። ግድግዳው የት ጋ እንደተንጋደደ ሄዶ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ ከዚያ ይቆርጣል። ሰባት ሚሊ እንደሚስት እያወቀው በያዘው ሜትር ግን አንድ ሚሊ ለመቁረጥ የሚነሳ ባለሙያ አላየም። ካለም አውራ ጣት የለውም።

ይህንኑ ሄዶ ለርዕሰ መምህሩ ነገረው። “ትምህርት መስታወት አይደለም” አለው ሰውየው።

“አለመሆኑ ነው እንጂ፣ መስታወት ቢሆን ኖሮ ትጠነቀቁ ነበር” ብሎት ወጣ። ምንም አልጠቀመም። ሲወጣ ጸሐፊዋ ለቀጣዩ ዓመት ወላጆች ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ ጀርባ፣ በክምር እያስተካከለች ነበር።

ቤት ውስጥ አሁን ኛ ስድብ ሆናለች። ሚሊ በአንድ ነገር ድርቅ ሲል ሹፌሯ፣ “ኧረ ኛህን ያዝልኝ!” ትለዋለች፤ ሚጢ ትስቃለች፣ እሱ አይስቅም። ሚጢ አሁንም ድጋፍ ክፍል ናት። ኳሷን ትጫወታለች። ፈተና የሚል ቃል ሲነሳ ግን ተነስታ ትወጣለች፤ ይህ ከዚህ በፊት አልነበረም። የሚቀጥለው ዕድል የሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ሰባ አምስትም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

ታሪኩ እንዲጻፍ ሲስማማ ሚሊ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ለሚያነበው ሰው እንዳለ እንዲደርስለት። እንዲህ ነው ያለው፦

“የመጀመሪያው ወረቀት የታደለ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወላጅ ሞልቶ ነበር። ሁላችንም ወረቀቱን ተቀብለን፣ አጥፈን ኪሳችን ከተትን። አንድ እጅ አልወጣም። እኔ ያልጠየቅኩት አላዋቂ እንዳልባል ብዬ ነው። እባካችሁ፣ እቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ፣ ልጁን ሳትቆጡትም ሳታሞግሱትም በፊት ይዛችሁ ሂዱና አስተማሪውን ጠይቁ። ይሄ ቁጥር ደስ የሚለኝ ሲጨምር ነው ወይስ ሲቀንስ? በስንትስ ይስታል? በሉ። የሚስቅ ይሳቅ። ደግሞ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠውም አያውቅም።”